ለንብና ለቢራቢሮ የሚሆን ግቢ፦ የትኞቹን አገር በቀል ተክሎች ልትከል?

የለገጣፎዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችንን ጨርሰን ከገባን በኋላ ከፊት ለፊት 100 ካሬ የሚሆን ባዶ መሬት ተርፎናል። ባለቤቴ ሙሉውን ሣር እናልብሰው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ንብና ቢራቢሮ፣ እነዚያም ምንቃራቸው ቀጠን ብሎ የታጠፈ ትንንሽ የአበባ ወፎች የሚመላለሱበት ግቢ ነው የምመኘው። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ሄጄ ስጠይቅ ያሳዩኝ ቡገንቪሊያ፣ ጽጌረዳ፣ ጃካራንዳና ቦትልብራሽ ነው። «አገር በቀል የላችሁም?» ስላቸው ጽድና ዝግባ አወጡልኝ። እነዚህን ብተክል ንብ ይመጣል? ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ የመነደፍ ነገርም ያሳስበኛል። የምታውቁትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መምህሩ

እህቴ፣ ሻጮቹ አልዋሹሽም፤ ጽድም ዝግባም የአገራችን ዛፎች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚዳቀሉት በነፋስ ነው፤ ለነፍሳት የሚያቀርቡት ወለላ የለም። አገር በቀል መሆን ብቻውን ለንብ ይበቃል ማለት አይደለም። ለጥላና ለወፍ ጎጆ ትከያቸው፤ ንብን ግን ከእነሱ አትጠብቂ።

ቡገንቪሊያው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ያ ሁሉ ሐምራዊ ቀለም አበባ ይምሰል እንጂ ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ነጭ ቀጭን ቱቦ ናት፤ የእኛ ንብ እምብዛም አትጠጋትም። ጽጌረዳውም እንዲሁ። አበባ ሻጭ ጋ የምናየው፣ የአበባው ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበው ጽጌረዳ ለዓይን ተብሎ የተዳቀለ ስለሆነ ንቧ ወደ ውስጥ የምትገባበት መንገድ የላትም። የራሳችንን ቀጋ ተመልከቺ፦ አምስት ነጭ የአበባ ቅጠል፣ መሐሉ ክፍት፣ ቢጫው ብናኝ ፊት ለፊት የሚታይ። አበባ ስትመርጪ በዚህ ዓይን እዪ፤ ንቧ ቆማ የምትበላበት ቦታ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ቀፎ ጠባቂው

መምህሩ ያለው ልክ ነው። እኔ በሆለታ አካባቢ ንብ የማነብ ሰው ነኝ፤ የምነግርሽም ከቀፎው በኩል ሆኜ ነው።

ሰው ሁሉ ስለ ንብና አበባ ሲያወራ መስከረምን ነው የሚያስበው። ንብ ግን መስከረም ላይ አትራብም። ከመስከረም እስከ ኅዳር በደጋውና በወይና ደጋው ሜዳው አደይ ነው፤ የእርሻው ዳር መጭ ነው፤ ኑግ የተዘራበት አገር ደግሞ ማሳው ራሱ ቢጫ ነው። በዚያ ወቅት አንቺ ግቢ ውስጥ አሥር አበባ ብትጨምሪ ለንቧ ትርፍ ነው። የምትቸገረው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ከጥር ጀምሮ የበልጉ ዝናብ እስኪጥል ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ ሁለተኛው ዝናቡ ከቤት የማያስወጣበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው «የቱ ያምራል?» ሳይሆን «በየካቲት ምን ያብባል?» የሚለውን ይሁን።

ለዚህ የመጀመሪያው መልሴ ግራዋ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነጫጭ አበባውን ያወጣል፤ በዚያን ጊዜ ከሥሩ ብትቆሚ የንቡ ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ነው። በየገጠሩ ጓሮ ያለ፣ ጋን የሚታጠብበት፣ ማንም የማይሸጠው ተክል ነው፤ ስለማይሸጥም የከተማ ሰው ረስቶታል። ቅርንጫፉን ቆርጠሽ በሰኔ ብትተክዪው ይጸድቃል። ካልገረዝሽው ቁመቱ ከጣሪያሽ ይበልጣልና በየዓመቱ አበባው ካለፈ በኋላ ቁረጪው።

ሁለተኛው ሰንሰል ነው። በሸዋ ስሚዛ የሚሉት፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ዱሙጋ የሚለው ነው። እሱም ከቅርንጫፍ ይጸድቃል፤ ከብት ስለማይበላው ለአጥር የተፈጠረ ነው፤ ነጭ አበባው ለብዙ ወራት አይጠፋም። የብሎኬት አጥርሽን ከውስጥ በኩል በሰንሰል ብታስይዢው ንብ ዓመቱን ሙሉ ከግቢሽ አይጠፋም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ጥግ ላይ ለአንድ ዛፍ ቦታ ካለሽ ቢሳና ትከዪ። የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ሌላው ሁሉ ገና ሲዘጋጅ፣ ቢሳና ያብባል፤ ንቧ ክረምቱን የምትሻገርበትን ስንቅ ከእሱ ታገኛለች። ዋንዛን ብዙ ሰው ይመክርሻል፤ ለንብ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ለ100 ካሬ አይሆንም። ከ15 ዓመት በኋላ መሠረትሽን ታዪዋለሽ።

አጥር ዘሎ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ የአገር በቀል ነገር እየተጋነነ መሰለኝ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው በምኒልክ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚመጣው ማር ስንቱ የባሕር ዛፍ ነው? ቦትልብራሹም ላይ ንብ ሲርመሰመስ በዓይኔ አያለሁ። ንቧ ፓስፖርት አትጠይቅም። ሴትየዋ የምታገኘውን ትትከል።

ቀፎ ጠባቂው

ወንድሜ፣ በማሩ ነገር አልከራከርህም። የእኔም ቀፎ ያለ ባሕር ዛፍ ግማሽ ይጎድልበታል። የማር ንብ ያገኘችውን ትበላለች።

ድሬ ነኝ

አጥር ዘሎ፣ ወደ አፋር ብቅ ብትል ፕሮሶፒስ የሚባለውን መጤ እሾሃማ ዛፍ ታያለህ። ንብ ይወደዋል፣ ማርም ይሰጣል፤ ግጦሹን ግን ውጦታል፤ ከብት የሚያልፍበት መንገድ እንኳ ዘግቷል። «ንብ ከወደደው ይበቃል» ካልን እሱንም ግቢያችን እንትከል ማለት ነው። የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦም እንዲሁ ነው፤ ቢራቢሮ ያርፍበታል፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ተራራ ለተራራ ትበትነዋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚነቅለው ጠፋ።

መምህሩ

አንድ ነገር ልጨምር። «ንብ» ስንል ሁላችንም የምናስበው የማሯን ንብ ብቻ ነው። እሷ እውነትም ብዙ አትመርጥም። ግቢ ውስጥ ግን ሌሎችም አሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ መሬት ቆፍረው ወይም የደረቀ ግንድ በስተው እንቁላል የሚጥሉ ብዙ ዓይነት ንቦች አሉ። ጣዝማም አለች፤ መናደፊያ የላትም፤ ጎጆዋ ከመሬት ሥር ነው።

ቢራቢሮ ደግሞ ሁለት ዓይነት ምግብ ነው የሚያስፈልገው። ለእናቲቱ ማንኛውም አበባ ሊሆን ይችላል፤ አባጨጓሬው ግን ከለመደው ቅጠል በቀር አይበላም። በሎሚ ዛፍ ላይ የምናየው፣ መጀመሪያ የወፍ ኩስ የሚመስል፣ ካደገ በኋላ አረንጓዴ የሚሆነው ትል የትልቁ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ልጅ ነው። ሎሚ ከመምጣቱ በፊት ይህ ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥለው እንደ ልምጭ ባሉት፣ በዘር የሎሚ ዘመድ በሆኑ የዱር ቁጥቋጦዎች ላይ ነበር። ቦትልብራሽ ለእናቲቱ ቡና ቤት ሊሆን ይችላል፤ ልጆቿን ግን አያሳድግላትም። አገር በቀል የምንለው ለዚህ ነው እንጂ ለፉከራ አይደለም።

ታዲያ ቅጠል የተበላ ባየሽ ቁጥር መድኃኒት የምትረጪ ከሆነ ቢራቢሮውን እርሺው።

አጥር ዘሎ

ስለ አባጨጓሬው ያልከውን አላውቅም ነበር፤ እቀበላለሁ። ግን ያለውን ባሕር ዛፍ ቁረጡ እንዳትሉኝ።

መምህሩ

ማንም አላለህም። የቆመውን ተወውና አዲስ የምትተክለውን ምረጥ ነው።

የሰሜን ሸዋዋ

ይህን ሁሉ ያነበብሁት ከደብረ ብርሃን ሆኜ ነው። ከፍታችን 2,800 ሜትር ይሆናል፤ ከጥቅምት በኋላ ውርጩ ያገኘውን ያቃጥላል። ግራዋው እዚህ አይሆንልኝም። እኛስ ምን እንትከል?

መምህሩ

ከእናንተ በላይ ያለውን ተራራ ተመልከቺ፤ መልሱ እዚያ ነው። አምጃ አለ፦ ቢጫ አበባ ያለው፣ ቁጥቋጦ ሆኖ የሚያድግ፣ ብርድ የማይፈራ። አስታ አለ። ቀጋ ለአጥር ይሆናል። ኮሶ ቦታ ካለ ድንቅ ነው፤ ወንዴና ሴቴው ግን የተለያየ ዛፍ መሆኑን አትርሺ፤ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው ሴቴው ነው። መንዝ ጓሳ ላይ የምታዪው፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚያብበው አሽንዳም አለ። እሱ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም፤ የአበባ ወፎቹ በጣም ይወዱታል።

የሰሜን ሸዋዋ

ጦስኝስ? በየገበያው በጭነት ሲመጣ አያለሁ፤ ሻይ ላይ እንጂ ግቢ ውስጥ ተተክሎ አላየሁም።

ቀፎ ጠባቂው

ጦስኝ ለንብ ከማር በፊት ያለ ማር ነው። ደረቅ፣ ድንጋያማ፣ ውኃ የማይቋጥር ቦታ ፈልጊለት፤ ከመጠን በላይ ካጠጣሽው ይበሰብሳል። ዳገት ላይ ያለውን ከነሥሩ አትንቀዪ፤ እንደዚያ እየተነቀለ ነው እየሳሳ ያለው። መሬት ነክቶ ሥር ያወጣውን ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ውሰጂ።

አራተኛ ፎቅ

ግቢ ላላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ያለኝ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ነው፤ ጠዋት ብቻ ፀሐይ ያገኛል። ተስፋ ልቁረጥ?

ወይዘሮ ጓሮ

ለምን ትቆርጣለህ ልጄ። በሶብላ በባልዲ ዝራ፤ ስታበቅል ለወጥ ትቆርጣለህ፤ ከዚያ ግማሹን ሳትቆርጥ ተወውና ያብብ። ንቡ አራተኛ ፎቅም ቢሆን ይመጣል። ድንብላልም እንዲሁ ነው። ዳማከሴ በትልቅ ማሰሮ ይሆናል፤ ጤና አዳም ለቡናህም ለንቡም ነው። የእኛ ችግር ሁሉንም ሳያብብ እየቀጠፍን መጨረሳችን ነው።

ለለገጣፎዋም የምለው አለኝ። ጓሮሽ ውስጥ የሐበሻ ጎመን ካለሽ ሦስት አራት እግር ሳትቆርጪ ተዪና አናቱ ላይ አበባ ያውጣ። ያን ቢጫ አበባ ንቡ እንዴት እንደሚሻማበት ታያለሽ፤ ለከርሞም ዘር ታገኛለሽ። ገሾም ካለሽ አበባው አረንጓዴና ትንሽ ስለሆነ ሰው አያየውም፤ ንብ ግን ያየዋል።

የሜሪላንዷ

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እናቴ ስትመጣ የአደይ አበባ ዘር ይዛልኝ እንድትመጣ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ደጄ ላይ አደይ ማየት ናፍቆኛል። እዚህ ይበቅላል?

መምህሩ

ዘሩን አታስመጪ። ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ማስገባት እዚያ ክልክል ነው። ለእናንተ አካባቢ ደግሞ አደይ መጤ ነው፤ እዚህ ባሕር ዛፍን የምንጠይቀውን ጥያቄ እዚያ አደይን መጠየቅ አለብን።

ነገር ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። አደይ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ናት። የዚሁ ወገን የሆኑ፣ ቢጫ አበባ ያላቸው ዕፅዋት የሜሪላንድ ረግረግ ቦታዎች ተወላጅ ናቸው፤ የሚያብቡትም በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። አገር በቀል ችግኝ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ሄደሽ የአካባቢውን ቢደንስ ጠይቂያቸው፤ የአደይን እኅት በእንቁጣጣሽ ሰሞን ታገኛለሽ። የግዛታችሁ መለያ አበባ ብላክ አይድ ሱዛንም የቅርብ ዘመድ ናት።

የሜሪላንዷ

በስመ አብ! ከቤቴ አጠገብ ባለው ረግረግ በየዓመቱ የማያት ቢጫ አበባ እሷ ሳትሆን አትቀርም። «አደይ ትመስላለች» እያልሁ ለልጆቼ አሳያቸው ነበር።

ድሬ ነኝ

ስለ ቆላው ማንም አላነሣምና እኔ ልበል። ከድሬዳዋ አካባቢ ያላችሁ፣ በደጋ ሰው ምክር ቢሳናና ግራዋ ፍለጋ አትድከሙ። የእኛ ዛፍ ቁርቁራ ነው። በየመንና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በውድ የሚሸጠው የሲድር ማር የሚገኘው ከዚሁ ዛፍ ነው፤ እኛ ጋ ፍየል የሚበላው ሆኖ ቀርቷል። ለአጥር አጋም ትከሉ፤ አበባው ሽታው ያውዳል፤ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፤ እሾሁም ሌባ ያስቆማል። አጋም ወደ ወይና ደጋውም ይወጣልና ለገጣፎዋም ብትሞክረው መልካም ነው።

የለገጣፎዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንብቤ ለባለቤቴ ሳነብለት ነው ያመሸሁት። አሁን የቀሩኝ ጥያቄዎች አሉ። ጋሼ ቀፎ ጠባቂ፣ ስለ ልጆቹ አልመለሱልኝም። ሌላው ደግሞ፣ የአበባ ወፎቹን የሚጠራው የትኛው ነው? ባለቤቴም ሣሩን ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ ግማሽ በግማሽ እንሁን ይላል።

ቀፎ ጠባቂው

ለልጆቹ አትስጊ። አበባ ላይ ያለች ንብ ሥራ ላይ ናት፤ ካልጨበጧት ወይም በባዶ እግር ካልረገጧት አትናደፍም። የምትናደፈው ቤቷን ስትጠብቅ ነው። ስለዚህ አበባውን ትከዪ፤ ቀፎ ግን ለገጣፎ መሐል፣ ጎረቤት በተጠጋበት ግቢ እንዳታስቀምጪ። የእኛ አገር ንብ ቁጡ ናት፤ ቀፎዋ ከተነካ ሰፈሩን ታምሳለች። ልጆችሽን «አበባ ላይ ያለችውን በዓይናችሁ እንጂ በእጃችሁ አትንኩ» ብለሽ አስተምሪያቸው። ከመካከላቸው ንብ ነድፎት ፊቱ ወይም ጉሮሮው አብጦ የሚያውቅ ካለ ግን ከሐኪም ጋር ሳትመካከሪ አትጀምሪው።

በበጋ ውኃም ያስፈልጋታል። ዝርግ ሳሕን ላይ ጠጠር ደርድረሽ ውኃ ጨምሪበት፤ ጠጠሩ ላይ ቆማ ትጠጣለች፤ ካልሆነ ትሰጥማለች።

መምህሩ

ለወፎቹ ቀይና ብርቱካናማ፣ ቱቦ የሚመስል አበባ ነው። እሬት፣ አሽንዳ፣ ቀይ አበባ ያላት ኮሸሽላ ይሆናሉ። ቦታ ካለሽ ደግሞ ቆርች፤ እሱም የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው፤ በበጋ ያብባል፤ ገበሬው ግንዱን ቆርጦ እየተከለ አጥር ያደርገዋል። ለ100 ካሬ ግን ከቢሳናና ከቆርች አንዱን ምረጪ፤ ለሁለቱ ቦታው አይበቃም። እኔ ብሆን ቢሳናውን ለጎረቤት ትቼ ቆርቹን እይዛለሁ፤ ቀፎ ጠባቂው እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ።

ስለ ሣሩ፣ ግማሹ ሣር መሆኑ ምንም አይጎዳም፤ ልጆች የሚጫወቱበት ያስፈልጋል። ከቀሪው ውስጥ ግን ፀሐይ የሚያገኝ አንድ ጥግ ሣርም ሲሚንቶም ሳታለብሺው፣ ሳትቆፍሪው ባዶ አፈር ተዪው። ያልኋቸው መሬት ውስጥ የሚኖሩ ንቦች ቤታቸውን የሚሠሩት እዚያ ነው። ለጎብኚ የማያምር ቢመስልሽ ከቁጥቋጦው ጀርባ አድርጊው።

ቀፎ ጠባቂው

አልቆጣም፣ ግን ተሳስተሃል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቆርች ለንብ ምን ይሰጣታል?

መምህሩ

ለንብ ምንም። የተጠየቅሁት ግን ስለ ወፍ ነው።

አራተኛ ፎቅ

ችግኙን ከየት እናግኝ? እስካሁን ከተባሉት ሁሉ መንገድ ዳር የሚሸጥ አንድም አላየሁም።

ወይዘሮ ጓሮ

ግማሹ ግዢ አያስፈልገውም። ግራዋና ሰንሰል ከዘመድ ቤት ቅርንጫፍ ለምነህ ነው። እሬትም ግልገል ያወጣል። በሶብላና ድንብላል ቅመም ተራ ዘሩን ሰፍረው ይሸጡልሃል።

መምህሩ

የዛፎቹን ችግኝ በየወረዳው የደን ችግኝ ጣቢያ ጠይቁ፤ ክረምት ሊገባ ሲል ብዙ ጊዜ ኮሶ፣ ዋንዛና ቢሳና አያጡም። ተክሉን በመልክ የማያውቅ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂድ። 705 ሄክታር ነው፤ ከአዲስ አበባ ሳይወጡ አገር በቀሉን ቆሞ ማየት ይቻላል። ድግጣን ከአምጃ፣ መጭን ከአደይ ሳይለዩ ዘር ለቀማ መውጣት ትርፉ ድካም ነው።

የለገጣፎዋ

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። በአጥሩ ዙሪያ ሰንሰልና በአንድ በኩል አጋም፤ ጥግ ላይ ቢሳና (መምህር ይቅርታ)፤ ከመስኮቱ ፊት ግራዋ፣ ከሥሩ እሬትና አሽንዳ፤ ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው ጠርዝ አደይ። የአደይን ዘር እንዴት እንደምይዘው ብቻ ንገሩኝ፤ በአዲስ ዓመት የሚሸጠውን ነዶ ገዝቼ ብሰቅለው ዘር ይሆነኛል?

ቀፎ ጠባቂው

አይሆንም። ያ የሚሸጠው ገና እንዳበበ የታጨደ ነው፤ ዘሩ አልበሰለም። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጠብቂና አበባው ረግፎ ራሱ ሲጠቁር፣ በእጅሽ ስትነኪው ሲረግፍልሽ ለቅመሽ በወረቀት ከረጢት አስቀምጪ። ላስቲክ ውስጥ እንዳትከቺው፤ ይሻግታል። ከአንድ ቦታ ያለውን ጠራርገሽ አትልቀሚ። ግንቦት መጨረሻ ላይ መሬቱን ጫር ጫር አድርገሽ በትኚውና በጥቂት አፈር ሸፍኚው፤ ቀሪውን ዝናቡ ይሠራዋል። ዓመታዊ ተክል ስለሆነ ካበበ በኋላ ይደርቃል፤ የደረቀውን በኅዳር ቶሎ ካላጨድሽው ለከርሞው ራሱ ይዘራል።

ዘንድሮ ካጣሽ ጥቅምት ላይ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ከእኔ ማሳ ዳር የሚረግፈው ለአንቺም ለአራተኛ ፎቁም ይበቃል። አራተኛ ፎቅ፣ አንተ ግን ሰፋ ያለ ባልዲ አዘጋጅ፤ ወገብ ድረስ ያድጋል።